በሬው ማን ቤት ታመመ? የመዥገር ወለድ በሽታዎች ምርመራ በቢቸናና በሞጣ

አንድ ገበሬ ከሞጣ ገበያ የእርሻ በሬ ገዝቶ ወደ ቢቸና ቢወስድ፣ በሬውም በሦስተኛው ሳምንት ታሞ ቢወድቅበት ኪሣራው የማን ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ለገዥው ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል። ጉድለቱ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚባለው ግን ኃላፊነቱ ወደ ገዥው በተላለፈበት ጊዜ በነበረው ሁኔታ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ባቤሲዮሲስ ምልክቱን የሚያሳየው መዥገር ከነከሰ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ አናፕላዝሞሲስ ደግሞ አንድ ወርና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። በሬው በሻጩ መስክ ላይ ተነክሶ ይሁን በገዥው፣ ዳኛም ሆነ የአገር ሽማግሌ በዓይኑ አይቶ ሊፈርድ አይችልም። እኔ የሕግ ሰው ሆኜ ስለ ከብት ደም ምርመራ ለማንበብ የተነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱም ከተሞች ከደጀን ተነስቶ በደብረ ወርቅ አልፎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ፣ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከደጋው ዝቅ ሲባል የዓባይ በረሃ አለ። አገሩ የጤፍ አገር ነው፤ ጤፉም የሚታረሰው በጥማድ በሬ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጠን ማኛ እየመረጥን የምንበላ ሰዎች አንዱ በሬ በእርሻ ወቅት ሲሞት ሌላኛውም ሥራ ፈት እንደሚሆን አናስበውም። ገበሬው ወይ ከጎረቤት ጋር ይቀናጃል፣ ወይ መሬቱን ለሌላ ያሳርሳል።

መዥገር ከብትን የሚጎዳው ደም በመምጠጥና ቆዳ በማበላሸት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1893 ስሚዝና ኪልቦርን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የቴክሳስን የከብት ትኩሳት የሚያስተላልፈው መዥገር መሆኑን አረጋግጠዋል። በነፍሳት ወይም በመሰሎቻቸው አማካይነት በሽታ እንደሚተላለፍ በሳይንስ ከተረጋገጠባቸው የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ ይኸው የከብት ጉዳይ ነበር፤ የወባ ትንኝ ነገር የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። በአገራችን ሰማያዊው መዥገር የሚባለው ባቤሲያንና አናፕላዝማን ያስተላልፋል። ቀለማማው፣ ትልቁ አምብሊዮማ ደግሞ ካውድሪዮሲስ ወይም የልብ ውኃ የተባለውን በሽታ ያመጣል። ኬንያን ያስመረረው ኢስት ኮስት ፊቨር ግን አስተላላፊው መዥገር በአገራችን ሥር ስላልሰደደ፣ ቢያንስ እሱ የእኛ ራስ ምታት አይደለም።

ምልክቶቹን እንመልከት። ባቤሲዮሲስ የያዘው በሬ ያተኩሳል፣ ሽንቱ ቡና ወይም ደም ይመስላል። አናፕላዝሞሲስም ያተኩሳል፣ ደም ያሳንሳል፣ ድዱንና የዓይኑን ሽፋን ያነጣል ወይም ቢጫ ያደርጋል፤ ሽንቱን ግን አያቀላም። በልብ ውኃ የተያዘ ከብት እግሩን ከፍ እያደረገ ይራመዳል፣ ይሽከረከራል፣ ባዶ አፉን ያኝካል። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን በዚያው አገር ደም የሚያሳንስ የጉበት ትል አለ፣ በቆላው በኩል ደግሞ ገንዲ አለ። ሁሉም ከብቱን ያከሳሉ፣ ፀጉሩን ያቆማሉ፣ ድዱን ያነጣሉ።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ብዙ ጊዜ የሚደረገው መገመት ነው። ዳይሚናዚን የተባለው መርፌ ለባቤሲያም ለገንዲም ስለሚሠራ ግምቱ ባጋጣሚ ይሳካል። ለአናፕላዝማ ግን አይሠራም፤ ለእሱ የሚያስፈልገው ቴትራሳይክሊን ነው። ገበሬው ገንዘቡን ከፍሎ በሬውን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ክፍተት ይመስለኛል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 728 የእንስሳት መድኃኒትን ይቆጣጠራል። ይሁን እንጂ የትኛው በሽታ እንደሆነ የሚነግር ምርመራ በሌለበት የመድኃኒት ቁጥጥር ግማሽ ሥራ ነው።

ምርመራው ደግሞ የሚያስፈራ ነገር የለውም። መድኃኒት ከመወጋቱ በፊት ከጆሮው ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ይወሰድና በመስታወት ላይ በስሱ ይዘረጋል። በአየር ከደረቀ በኋላ በሜታኖል ይጸናል፣ ጊምዛ በተባለ ቀለም ይነከርና በአንድ ሺህ እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ባቤሲያ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ እንደ ሁለት የተያያዙ የእንባ ጠብታዎች ሆና ትታያለች። አናፕላዝማ በሕዋሱ ጠርዝ ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ ናት፤ ያልተጣራ የቀለም ዝቃጭም ነጥብ ስለሚመስል ያልሰለጠነን ዓይን ታታልላለች። የልብ ውኃ ግን በዚህ መንገድ አይገኝም። በልማድ የሚረጋገጠው ከብቱ ከሞተ በኋላ ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ነው። እዚህ ላይ ጥብቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በድንገት የሞተ ከብት አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል፣ ባለሙያ ሳያየው ሊከፈትም ሊበላም አይገባም። አዋጅ ቁጥር 267/1994 ማሳወቅ ግዴታ የሆነባቸውን የእንስሳት በሽታዎች ጉዳይ እንዲገዛ የወጣውም በከንቱ አልነበረም።

የደረቀና በሜታኖል የጸና መስታወት በረዶ አይፈልግም፣ በአውቶቡስም ይላካል። ከሞጣ ባሕር ዳር ወዳለው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላብራቶሪ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት መንገዱም የሚታመን አይደለም። ስለዚህ እኔ ለወረዳ ክሊኒክ ሌላ ሕንፃ ከመጨመር ይልቅ አንድ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ፣ የማይቋረጥ ቀለምና አንድ በደንብ የሰለጠነ ሰው እመርጣለሁ።

ወደ ሕጉ ልመለስ። የፓቶጂኑን ዘረመል የሚፈልገው ፒሲአር በማይክሮስኮፕ የማይታየውን ያገኛል። አናፕላዝሞሲስ ይዞት የዳነ ከብት ጀርሙን ለብዙ ዓመታት ምናልባትም እስከ ዕድሜ ልኩ ይዞ ይኖራል፣ ጤነኛም ይመስላል። እንግዲህ ሻጩ በበሬው ደም ውስጥ አናፕላዝማ ቢገኝበት ጉድለት ያለበት በሬ ሸጧል ልንል ነው? በበኩሌ አይመስለኝም። በሽታው ሥር በሰደደበት አካባቢ ብዙው የአገር ከብት በጥጃነቱ ተነክሶ፣ ቀለል አድርጎ ታሞ፣ መቋቋምን አትርፎ ያደገ ነው። ይበልጥ የሚጎዳው መዥገር ከሌለበት መጥቶ በጎልማሳነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነከሰው፣ እንዲሁም የውጭ ዝርያ ደም ያለባት የወተት ላም ናት። ስለዚህ ፒሲአር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ክርክሩን የሚያቀለው በታመመበት ዕለት የተነሳ የደም መስታወትና ከሽያጩ ቀን ጀምሮ የተቆጠሩ ቀናት አንድ ላይ ሲቀርቡ ነው፤ የሽያጩ ቀን ደግሞ ከምስክሮች ስም ጋር በውሉ ወረቀት ላይ መስፈር አለበት።