ስለ ትልቁ የፎቶግራፍ ማንሻ ሣጥንና ስለ ገዢዎቹ

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ፣ እህል በረንዳ በሚባለው ስፍራ ጤፍ የሚሸምት ሰው የነጋዴውን ቃል ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን አይቈጥርም። ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከውስጡም እፍኝ አስወጥቶ በመዳፉ ላይ ይዘረጋዋል፤ እፍ ብሎ ገለባውን ያያል፤ ማኛው ከሰርገኛው ጋር ተደባልቆ፣ አሸዋም ገብቶበት እንደ ሆነ በጣቱ ይመረምራል። ከዚያም ከወዴት አገር እንደ መጣ ይጠይቃል፤ የአድዓ ጤፍና የጎጃም ጤፍ በገዢው ዘንድ አንድ አይደለምና። በዚያው በመርካቶ ምናለሽ ተራ አለ። በዚያ ደግሞ ቁራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው አሮጌ ዕቃ ይሸጣል፤ ብረቱ ከብረት፣ ናሱም ከናስ ጋር እየተለየ በሚዛን ይወጣል። ሚዛንም ክብደትን እንጂ የዕቃውን አገርና የባለቤቱን ስም አይጠይቅም።

በዚህ ሚዛን ፊት ከሚጐዱት ዕቃዎች አንዱ የቀድሞው ትልቁ የፎቶግራፍ ማንሻ ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን ከፊቱ በናስ የታቀፈ ሌንስ፣ ከኋላው የደበዘዘ መስተዋት፣ በመካከላቸውም እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋና የሚታጠፍ የቆዳ ወይም የጨርቅ እጥፋት አለው። አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ በመስተዋቱ ላይ ሰውየውን ሲመለከት ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ይታየዋል። ምስሉ በጠራ ጊዜ ሌንሱን ይከድናል፤ በደበዘዘው መስተዋት ፈንታ የብር ቅመም የተቀባውን ሰሌዳ በመያዣው አድርጎ ያገባል፤ ክዳኑን ከፍቶ፣ ቈጥሮ፣ ይዘጋል። ሥዕሉም ወረቀቱ በሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ስለሚታተም የሰሌዳውን ያህል ይሆናል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1925 ለገበያ የወጣው ላይካ የተባለው ትንሽ ካሜራ 24 በ36 ሚሊ ሜትር በሆነ ፊልም ያነሣ ነበር፤ 18 በ24 ሳንቲ ሜትር የሆነው አሮጌው ሰሌዳ ግን ስፋቱ የዚያን 50 እጥፍ ነው። የመኳንንቱ ካባ ጥልፍ በአሮጌ ሥዕል ላይ ክር በክር ተለይቶ መታየቱ ስለዚህ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ይህ መሣሪያ በሰፊው የገባው በክፉ ቀን ነው። እንግሊዞች ወደ መቅደላ በዘመቱ ጊዜ የጦሩ መሐንዲሶች ካሜራቸውን ከነመድኃኒቱ በበቅሎ ጭነው መጡ። ዋና ተግባራቸው ለመኰንኖቹ ካርታ ማባዛት ነበረ፤ ከዚያ በተረፈ ተራራውን፣ ሰፈሩንና ሰዉን አነሡ። በዚያ ዘመን ሰሌዳው እርጥብ ሳለ መቀባት፣ ማንሣትና ማጠብ ግድ ነበረና ጨለማ ድንኳን ከካሜራው አይለይም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሰዉ። ባለቤታቸው እቴጌ ጥሩ ወርቅ ውቤ ወደ ባሕር ሲወርዱ በመንገድ ዐረፉ። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሻገረ።

በሐምሌ ወር በዋይት ደሴት የምትኖረው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ልጁን በትልቁ ሣጥኗ ፊት አስቀመጠችው። የዚህች ሴት ሰሌዳ 12 በ15 ኢንች ነበረ፤ በፊቷ የሚቀመጥ ሰው አንዳንድ ጊዜ ደቂቃዎች ያህል ሳይነቃነቅ መቈየት ይገባው ነበር። አባቱን ካጣ ሦስት ወር ያህል የሆነው፣ እናቱም በመንገድ የቀሩበት ሕፃን ቋንቋውን በማያውቀው አገር ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ዓይኖቹ ከሌንሱ አልፈው ወዲያ ይመለከታሉ። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐርፎ በዊንድዘር ተቀበረ። ብዙ ሰው መልኩን የሚያውቀው ከዚህ ሰሌዳና በዚያው ወራት ከተነሡት ሌሎች ሥዕሎች ነው። ሥዕሉ ውብ ነው፤ ውበቱን የሚያደንቁ ሰዎች ግን ሕፃኑ ወዶ አለመቀመጡን እንዲያስቡ ይገባል።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ጥበብን የሚወዱ ስለ ነበሩ ካሜራው በግዳጅ ሳይሆን በፈቃድ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። አማካሪያቸው የነበረው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ብዙ ሥዕል አነሣ፤ ስብስቡም ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ይገኛል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያው ለልጆቹ ለሃይጋዝና ለቶኒ ተላልፎ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቀ። ቀጥሎም የሹሙና የነጋዴው ቤት ግድግዳ የአባትን ምስል በክፈፍ ተቀበለ። ከፍ ተደርጎ ይሰቀላልና ሕፃናት አንገታቸውን አቅንተው አያታቸውን ያዩ ነበር።

በ1898 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን ጉባኤ የሠራው ሥራ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የተባለው መሐንዲስ ሐውልቶቹን በመስተዋት ሰሌዳ አነሣቸው። ከነዚያም አንዱ ተሰብሮ በምድር ላይ ወድቆ የነበረው፣ ፋሺስቶች በወረራው ዘመን ጭነው ሮም ያቆሙት፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰውና በ2000 ዓ.ም. በስፍራው ዳግመኛ የቆመው ሐውልት ነው። ከመወሰዱ በፊት በአክሱም ምድር እንዴት ተኝቶ እንደ ነበረ የሚመሰክር ሰሌዳ አለ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ምስክርነት ነው ሣጥኑም ሰሌዳውም መጠበቅ ያለባቸው።

ዛሬ በዓለም ገበያ ትልቁን ካሜራ የሚፈልጉ ሰብሳቢዎች ብዙ ናቸው። ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት ሌንሱን ነው፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1840 ፔትስቫል የቀመረው ዓይነት የምስል ሌንስ ዛሬም ይፈለጋል። አዋቂ ገዢ እንደ ጤፍ ሸማቹ ይመረምራል። ወናፉን ዘርግቶ በጨለማ ቤት በውስጡ መብራት ያበራል፤ በእጥፋቱ ማዕዘን ላይ እንደ ኮከብ የሚያበራ ቀዳዳ ቢያይ ዋጋውን ይቀንሳል። ሌንሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ፣ የመስተዋቶቹም ማጣበቂያ ለቆ እንደ ሆነ ያያል። የሰሌዳው መያዣ ከሣጥኑ ጋር መገጠሙን ይፈትናል፤ ያለ መያዣ ሣጥኑ ጌጥ ብቻ ነውና። አሮጌ ካሜራ ያለ መያዣ ሲሸጥ ማየት እጅግ የተለመደ ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በናሱና በእንጨቱ ላይ ሲያልቅ ጉዳት አለው። ሌንሱ ለብቻው ተነቅሎ ይሸጣል፤ ሣጥኑ ለቤት ማስጌጫ ይሄዳል፤ ሰሌዳዎቹ ብርሃኑ ጨለማ፣ ጨለማው ብርሃን ሆኖ የሚታይባቸው ስለ ሆኑ እንደ ቈሻሻ መስተዋት ይቈጠራሉ። በላያቸው ያለው ስስ ልባስ በሙቅ ውኃ ቢታጠብ ይለቃል፤ የቀረው ለመስኮት የሚሆን ባዶ መስተዋት ነው። የብራና መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ተገንጥሎ ሲሸጥ ያየ ካህን ይህን ለመረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ በመጽሐፉ መጨረሻ የተጻፈው የአጻፊውና የጸሐፊው ስም ከጠፋ ቅጠሉ የማን ደብር እንደ ነበረ ማን ይናገራል? እንዲሁ የፎቶግራፍ ቤቱ መዝገብ ከሰሌዳው ከተለየ በሰሌዳው ላይ ያለው ሰው ስም አልባ ይሆናል።

ሥዕሎቹን የሰበሰቡ ሰዎች ግን አልጠፉም። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ጄራር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1996 የአገሪቱን የቀድሞ ፎቶግራፎች በአንድ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ2018 ደግሞ ወጣቶች ከየቤተሰቡ ሥዕል ለምነው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የፎቶግራፍ ስብስብ አለው።

ስለዚህ በመርካቶም ሆነ በሌላ ገበያ ትልቁን ሣጥን የሚያገኝ ሰው ስለ ዋጋው ከመከራከሩ አስቀድሞ የማን እንደ ነበረ፣ በየትኛው ሰፈር እንደ ሠራ፣ አብሮት የመጣ ሰሌዳና ደብተር እንዳለ ይጠይቅ፤ መልሱንም በወረቀት ጽፎ ከሣጥኑ ጋር ያኑር። ሰሌዳ ቢያገኝ በጠርዙ ብቻ ይያዝ፤ በጨርቅ አይጥረገው፤ በደረቅ ስፍራ ወረቀት በመካከል አድርጎ በቁሙ ያቁመው። የሰሌዳውን መያዣም በገበያ መካከል በፀሐይ አይክፈተው። አንሺው ሳያጥበው የተወው ሰሌዳ በውስጡ ቀርቶ እንደ ሆነ፣ ያልታየው ፊት በዚያች ቅጽበት ይጠፋል።