የዋይፋይ መቃኛ

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ «ስካነር አላችሁ?» ያለ ተማሪ ትራንስክሪፕቱን ወይም መታወቂያውን ስካን ሊያስደርግ እንደመጣ ማንም ይረዳለታል። ቃሉ በወረቀት ማንሻው ማሽን ተይዟል። በዙሪያችን ያሉ የዋይፋይ ኔትወርኮችን ለቅሞ በስልክ ወይም በላፕቶፕ ላይ የሚዘረዝረውን ሶፍትዌርም «የዋይፋይ ስካነር» ብለን ብንተወው አንባቢው ወረቀት ነው የሚታየው። «አሳሽ» እንዳንለው ድረ ገጽ የምንከፍትበት ሶፍትዌር ወስዶታል። «ፈታሽ» ደግሞ በር ላይ ቆሞ ኪስ የሚዳብስ ጥበቃ ያስመስለዋል። እኔ የምመርጠው «የዋይፋይ መቃኛ» የሚለውን ነው፤ የሚሠራው ሥራ «ቅኝት» ይባል።

«ቃኘ» ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ወታደር ከጦሩ ቀድሞ ሄዶ አካባቢውን ይቃኛል፤ ባለ ክራርም ክሩን ይቃኛል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ስሙን ያገኘው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው ነው። አሜሪካኖች አስመራ ላይ የነበራቸው፣ እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ የሌሎችን ሬዲዮ ሲያዳምጥ የኖረው ጣቢያም ቃኘው ይባል ነበር። ዋይፋይም ሬዲዮ ነው፤ መቃኛውም በአብዛኛው የሚያደርገው ማዳመጥ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ራውተር በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል «እዚህ ነኝ» የሚል አጭር መልእክት ይለቃል። መልእክቱ የኔትወርኩን ስም፣ የራውተሩን መለያ ቁጥር፣ የሚሠራበትን ቻናልና የቁልፉን ዓይነት ይዟል። መቃኛው ቻናሎቹን አንድ በአንድ እየዞረ ይህን ይሰበስባል፤ አንዳንዴም ራሱ «ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ስሙ የተደበቀ ኔትወርክ እንኳ ባዶ ስም ይዞ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል።

ስክሪኑ ላይ ሰውን የሚያደናግረው የሲግናል ጥንካሬው ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው። ‑40 ማለት ራውተሩ አጠገብህ አለ ማለት ነው። ‑67 አካባቢ ቪዲዮ ያለ ችግር ያሳያል፤ ‑85 ላይ ስሙን ታየዋለህ እንጂ እምብዛም አትጠቀምበትም። ቁጥሩ በአሥር በወረደ ቁጥር የሚደርሰው ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ይቀንሳል። በራውተሩና በክፍልህ መካከል የቆርቆሮ ግድግዳ ካለ ይህን በዓይንህ ታየዋለህ፤ ቆርቆሮ የሬዲዮ ሞገድን መልሶ ያነጥራል። ከከተማው ወጥተህ ወደ ጉና ተራራ ተዳፋት ስትዘልቅ ዝርዝሩ ባዶ ቢሆን ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ አይደለም። የሞባይል አንቴና መፈለግ የመቃኛው ሥራ አይደለም፤ ዋይፋይ ደግሞ ከጥቂት አሥር ሜትሮች ብዙ አያልፍም።

ዋናው ጥቅም ግን ቻናሉ ላይ ነው። ለተማሪ የሚከራዩ ክፍሎች በተደረደሩበት ግቢ አምስት ስድስት ራውተር ቢኖር አይገርምም። በ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናሎቹ በ5 ሜጋኸርዝ ርቀት የተቀመጡ ሲሆኑ አንድ ኔትወርክ ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ሳይነካኩ አብረው እንዲሠሩ በተለምዶ የሚመረጡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ሁሉም 6 ላይ ከሆኑ ተራ እየጠበቁ ያወራሉ፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ ይግባባሉ። አንዱ «ባዶ ነው» ብሎ 4 ላይ ሲገባ ነው የሚከፋው፤ ከ1ም ከ6ም ጋር ይጋጫል፣ ተራ መጠበቅ ቀርቶ ጩኸት ብቻ ይሆናል። «ኢንተርኔቱ ደከመ» የሚባለው አንዳንድ ጊዜ ከመስመሩ ሳይሆን ከዚህ ነው፤ ያኔ ለከፍተኛ ፓኬጅ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለ ስም አንድ ነገር ልጨምር። የዋይፋይ ስም ከ32 ባይት መብለጥ አይችልም፤ አንድ የፊደል ሆሄ ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። «ደብረ ታቦር ሆቴል» 29 ባይት ስለሆነ ይገባል። «ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ» ግን 38 ነውና አይገባም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች የእኛን ፊደል እንዳላሰቡት ግልጽ ነው።

በአንድሮይድ ስልክ ላይ መቃኛው ምንም ካላሳየ መጀመሪያ ሎኬሽን መብራቱን እይ። የጎረቤት ራውተሮች ዝርዝር ያለህበትን ቦታ ስለሚያጋልጥ ስልኩ ያለዚያ ፈቃድ አይሰጥም። ከአንድሮይድ 9 ወዲህ ደግሞ አንድ አፕ በሁለት ደቂቃ ከአራት ጊዜ በላይ መቃኘት አይችልም፤ ቁጥሩ አልንቀሳቀስ ቢል ታገሥ።

መቃኛ የይለፍ ቃል አይሰብርም። «የጎረቤት ዋይፋይ የሚከፍት አፕ» እየተባለ ከሚዞረው ጋር መምታታት የለበትም፤ ያለ ፈቃድ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ራውተርህ ቀርፋፋ ከሆነብህ አንድ ጊዜ ቃኝ፣ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ብዙ ሰው የሌለበትን ምረጥ፤ ከግቢው ተከራዮች ጋርም ተነጋግራችሁ ተከፋፈሉ።