የቶሪቼሊ ቱቦ
የባዜቃ (ሜርኩሪ) ባሮሜትር ማሳያ
ብርጭቆ፣ ባዜቃ
የመጀመሪያው ሙከራ፦ የሳይንቲስቱ ቶሪቼሊ፣ ጣሊያን፣ በ1640ዎቹ (እ.ኤ.አ.)

አንድ ጫፉ የተደፈነ ቱቦ በባዜቃ ተሞልቶ ባዜቃ ባለበት ሳህን ውስጥ ሲደፋ ሁሉም አይፈስም፤ በባሕር ወለል ከፍታ 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ይቆማል። ደግፎ የያዘው፣ የሳህኑን ባዜቃ ከላይ የሚጫነው አየር ነው። ከባዜቃ 13.6 ጊዜ የሚቀለው ውሃ ቢሆን ኖሮ ከ10 ሜትር በላይ የሚረዝም ቱቦ ባስፈለገ ነበር።

ልብ ይበሉ፦ ቱቦው ቢሰፋም ቢያዘነብልም የባዜቃው ቁመት ያው ነው። በረጋ ፈሳሽ ውስጥ ግፊት የሚጨምረው በጥልቀት ነው፤ የዕቃው ቅርጽ አይለውጠውም።

በ1648 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳዊው ሳይንቲስት የፓስካል እህት ባል ፍሎረን ፔሪዬ ቱቦውን ይዞ ፈረንሳይ የሚገኘውን የፒዊ ደ ዶም ተራራ ሲወጣ ባዜቃው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አለ፤ ከአናት የሚጫነው አየር ቀንሷልና።