መካች ንግግር፦ የጥላቻ ዘመቻን በጋራ መመለስ

ካውንተርስፒች የሚለው ቃል በአማርኛ ገና አልተለመደም። ለጥላቻ ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ በመረጃና በጨዋ ቃል መልስ መስጠት፣ በተለይም ብዙ ሰው ተጠራርቶ በአንድነት የሚሰጠው መልስ ማለት ነው። «አጸፋዊ ንግግር» ብንለው ለስድብ ስድብ መመለስ ይመስላል። ስለዚህ «መካች ንግግር» ቢባል እመርጣለሁ፤ ጋሻ የያዘ ሰው የተሰነዘረበትን ይመክታል እንጂ በጋሻው አይወጋም።

አሠራሩን በደንብ ያሳዩት ስዊድኖች ናቸው። ጋዜጠኛዋ ሚና ዴነርት በፈረንጆቹ 2016 ፌስቡክ ላይ «እዚህ ነኝ» የሚል ትርጉም ያለው ቡድን መሠረተች። አስተባባሪዎቹ ስድብ የወረረውን የዜና ልጥፍ ይጠቁማሉ። አባላቱ እዚያው ገብተው፣ ማንንም ሳይሰድቡ፣ የየራሳቸውን ሐሳብ ከቡድኑ ሃሽታግ ጋር ይጽፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ላይክ ያደርጋል። ፌስቡክ ብዙ ላይክ ያገኘውን አስተያየት ወደ ላይ ስለሚያወጣው ስድቡ ወደ ታች ይወርዳል። ሐሳቡ ጀርመንና ፈረንሳይን ጨምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛምቷል። አባላቱ በዋናነት የሚጽፉት ተሳዳቢውን ለማሳመን ሳይሆን ዝም ብሎ ለሚያነበው ሰው ነው፤ ስለ ራሱ የተጻፈውን ስድብ ብቻውን እያነበበ ለሚሳቀቅ ወጣትም ጭምር።

ምን ዓይነት መልስ ይሠራል? በ2021 የታተመ የዙሪክ ተመራማሪዎች ሙከራ ትዊተር ላይ የዘረኝነት ጽሑፍ የለጠፉ 1,350 ሰዎችን ተከታትሏል። ቀልድም ሆነ ማስጠንቀቂያ ያን ያህል አልሠራም። ጽሑፉ የሚጎዳው ሰው እንዳለ የሚያስታውስ መልስ ግን፣ በመጠኑም ቢሆን፣ ጥላቻውን ቀንሶታል። ጥናቱ ስለ ዘረኝነት ነው፤ ሆሞፎቢያንና ትራንስፎቢያን፣ ማለትም በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና በትራንስጀንደር ሰዎች ላይ የሚሰነዘረውን ጥላቻ፣ ለሚመክት ሰውም ግን የሚጠቅም ይመስለኛል።

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በ2023 ክረምት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና ትራንስጀንደር ሰዎች እንዲገረፉ፣ በስለት እንዲወጉ፣ እንዲገደሉ የሚቀሰቅሱ የኢትዮጵያውያን ቪዲዮዎች ቲክቶክ ላይ ተሰራጩ። የሰዎች ስምና ፎቶም አብሮ ወጣ። ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለው የመብት ድርጅት ቲክቶክ ቪዲዮዎቹን እንዲያነሳ ጠይቋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ያስቀጣል። የጥላቻ ንግግር አዋጁ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳተኝነትን ሲዘረዝር የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነትን አይጠቅስም። ሕጉ አንድን ድርጊት ከለከለ ማለት ግን ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲደበድብ ፈቀደ ማለት አይደለም።

በዚህ ሁኔታ አዲስ አበባ ያለ ሰው በስሙ መልስ ቢጽፍ ራሱ ዒላማ ሊሆን ይችላል። ማንም እንዲህ ያለውን ድፍረት ከሌላው ሊጠይቅ አይገባም። በስውር ሪፖርት ማድረግ፣ የሌላውን ጨዋ መልስ ላይክ ማድረግ፣ ለተዛተበት ሰው በግል መልእክት «አይዞህ» ወይም «አይዞሽ» ማለትም መመከት ነው። ትልቁን ድርሻ መውሰድ ያለብን ግን ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም ወይም ለንደን ሆነን ያለ ስጋት መጻፍ የምንችለው ነን። ዛቻው የሚጻፈው በአማርኛ ነውና መልሱም በአማርኛ ይሁን፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የድጋፍ ሃሽታግ የአማርኛውን ዛቻ ለሚያነበው ሰው ብዙም አይደርስለትም።

እንዲህ ያለ የዛቻ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ፣ «ጉድ እዩ» ብላችሁ ለመኮነንም ቢሆን፣ አታጋሩት፤ ያጋራችሁት ቪዲዮ የተዛተበትን ሰው ፊት ለአዲስ ተመልካች ያሳያል። ሪፖርት አድርጉት፤ ጓደኞቻችሁም ሪፖርት እንዲያደርጉ ጠይቁ። የምትችሉ ደግሞ ከሥሩ አንድ ጨዋ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።