ልብ ያልመለሰለት ማነቃቂያ



ለብዙ ዓመታት ሳስተምር አንድ ስሕተት ስደጋግም ኖሬአለሁ። እ.ኤ.አ. በ1871 ሄንሪ ባውዲች በላይፕሲግ፣ በካርል ሉድቪግ ቤተ ሙከራ፣ በእንቁራሪት ልብ ላይ የደረሰበትን ሕግ «ልብ ወይ በዚያች ቅጽበት ባለው ሙሉ ኃይል ይመታል፣ ወይ ጨርሶ አይመታም» ብዬ አስረዳለሁ። ቀጥዬም «ስለዚህ ልብን የማያስመታ ደካማ ማነቃቂያ ከንቱ ነው» እል ነበር። ይህ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር የባውዲች ሳይሆን የእኔ ነው።

ባውዲች የለካው የምቱን ኃይል እንጂ፣ ባልመታው ጡንቻ ላይ የሚቀረውን ዱካ አልነበረም። በሴንት ፒተርስበርግ ኒኮላይ ቬደንስኪ (1852–1922) ነርቭንና ጡንቻን ሲመረምር፣ ማነቃቂያ መቀስቀስ ብቻ ሳይሆን ማገድም እንደሚችል አሳየ። ስሙም ለልብ ጥናት ተረፈ፤ ክሥተቱ ዛሬም «የቬደንስኪ እገዳ» ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1983 ኤሪክ ፕሪስቶውስኪና ዳግላስ ዛይፕስ እገዳው በሰው ልብ ላይም እንደሚታይ አሳወቁ። ምት የማያስነሣ ደካማ ማነቃቂያ ሲቀድም፣ ለብቻው ቢሆን ልብን ያስመታ የነበረው ተከታይ ማነቃቂያ ያለ ምላሽ ይቀራል። ውጤቱ ግን ለአጭር ጊዜ የሚቆይና በኤሌክትሮዱ አቅራቢያ የተወሰነ ነው። ስለዚህ የተዛባ ምትን በዚህ መንገድ የመግታት ተስፋ፣ ኤሌክትሮዱ ለችግሩ ምንጭ ባለው ቅርበት ይወሰናል።

ተማሪዎቼ፣ በመዝገባችሁ «ምላሽ የለም» ብላችሁ ስትጽፉ እዚያ አታቁሙ፤ ለቀጣዩ ማነቃቂያ ልብ የሰጠውንም ምላሽ መዝግቡ።