የኢየሩሳሌምና የቂሣርያ ጥንታውያን አብያተ መጻሕፍት

መጽሐፍን ከብል፥ ከእሳትና ከሌባ መጠበቅ ከጥንት ጀምሮ የአበው ሥራ ሆኖ ኖሯል። በኢትዮጵያ አድባራትና ገዳማት መጻሕፍት በዕቃ ቤት ይቀመጣሉ፤ መጽሐፉን የሰረቀና ጽሕፈቱን የፋቀ ውጉዝ እንዲሆን የሚያስጠነቅቅ ቃልም በብዙዎቹ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ጥበቃ ለዛሬው ትውልድ ብዙ ሀብት አትርፏል። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ዘመናትን የሚሻገረው በመቈለፉ ብቻ ሳይሆን ለሚያነበውና ለሚገለብጠው በመከፈቱም ነው። ይህንንም ለመረዳት በቅድስት ሀገር የነበሩትን የሁለት አብያተ መጻሕፍት ታሪክ መመልከት ይበቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው በኢየሩሳሌም የነበረው ነው። ሮማውያን ከተማይቱን ኤልያ ብለው በሚጠሩበት ዘመን፥ በ212 ዓ.ም. ገደማ፥ እስክንድሮስ የተባለ ኤጲስ ቆጶስ ሊጸልይና ቅዱሳት መካናትን ሊሳለም ከቀጰዶቅያ መጣ። ምእመናኑም ወደ ሀገሩ እንዳይመለስ ከልክለው፥ በዕድሜ እጅግ ለገፋው ለኤጲስ ቆጶሳቸው ለናርኪሶስ ረዳት አድርገው አስቀሩት። እንግዳ ሆኖ የመጣው ይህ አባት በከተማይቱ ቤተ መጻሕፍት አቋቋመ፤ የዘመኑ ሊቃውንት የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎችም በዚያ ተጠበቁ።

እስክንድሮስ በንጉሠ ነገሥቱ በዳክዮስ የስደት ዘመን፥ በ250 ዓ.ም. ገደማ፥ በቂሣርያ ወህኒ ቤት ዐረፈ። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ከእርሱ በኋላ ቆየ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስ ለታሪኩ የሚሆነውን ከዚያ እንደ ሰበሰበ በ6ኛው መጽሐፉ ይመሰክራል። ዛሬ ያ ቤት የለም፤ በውስጡ ከነበሩት ጽሕፈቶችም ብዙዎቹ ጠፍተዋል። የአንዳንዶቹ ቃል እስከ ዛሬ የሚነበበው አውሳብዮስ አንብቦ ወደ መጽሐፉ ስላሻገረው ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ያላሰበው አንባቢ ለዚያ ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ጠባቂ ሆነለት ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው በባሕር ዳርቻ ባለችው በቂሣርያ የነበረው ነው። ኦሪጌኔስ ከ230ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በዚያ ተቀምጦ አስተምሯል። ከእርሱ በኋላ የቤይሩት ተወላጅ የሆነው ቄስ ጳምፊሎስ መጻሕፍትን ከየስፍራው እየፈለገ ሰበሰበ፤ ብዙዎቹንም በገዛ እጁ ጻፈ። ሄሮኒሞስ ከአውሳብዮስ ጠቅሶ እንደሚተርከው፥ ጳምፊሎስ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለማንበብ ያውስ ነበር። ይልቁንም ብዙ ቅጂ አስቀድሞ እያዘጋጀ፥ ለንባብ ትጉህ ሆኖ ላየው ሰው ሁሉ፥ ለወንዶችም ለሴቶችም፥ በስጦታ ይሰጥ ነበር። መጽሐፍ ሁሉ በእጅ በሚጻፍበትና ዋጋው እጅግ ውድ በሆነበት ዘመን ይህ ታላቅ ልግስና ነው።

በ307 ዓ.ም. ጳምፊሎስ ታሰረ። በደብረ ሲና በተገኘው ጥንታዊ የግሪክ መጽሐፍ ቅዱስ፥ በመጽሐፈ አስቴር መጨረሻ ላይ፥ አንድ አራሚ የጻፈው ማስታወሻ አለ፤ ጳምፊሎስ በወህኒ ቤት ሳለ ካረመው ቅጂ ጋር እንደ ተመሳከረ ይናገራል። ጳምፊሎስ በ310 ዓ.ም. ገደማ በሰማዕትነት ዐረፈ። ከእርሱም በኋላ የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶሳት አካኪዮስና ኤውዞይዮስ ያረጁትን የፓፒረስ መጻሕፍት በብራና ላይ በማስገልበጥ ቤተ መጻሕፍቱን አደሱት።

በዚያው ቤት የኦሪጌኔስ ታላቅ ሥራ ይገኝ ነበር፤ ይኸውም የብሉይ ኪዳንን የዕብራይስጥ ቃልና የግሪክ ትርጓሜዎች በስድስት ዐምድ ጐን ለጐን ያኖረው መጽሐፍ ነው። መላው እንደ ተገለበጠ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ዋናውም ጠፍቷል። የሰባው ሊቃናትን ትርጓሜ የያዘው ዐምድ ግን ለብቻው እየተገለበጠ ስለ ተሰራጨ፥ በ616 እና በ617 ዓ.ም. የቴላው ጳውሎስ ወደ ሱርስት መለሰው፤ ከዚህም ብዙው ክፍል እስከ ዛሬ ይገኛል። እንግዲህ ከአንዱ ሥራ በብዙ እጅ የገባው ክፍል ተረፈ፤ በአንድ ቤት ብቻ የቀረው ጠፋ።

ለኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። በ1838 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በተነሣው ወረርሽኝ በዴር ሡልጣን የነበሩት መነኮሳት አልቀው፥ መጻሕፍቶቻቸው በሽታ ያስተላልፋሉ ተብለው እንደ ተቃጠሉ፥ የይዞታ ማስረጃዎችም አብረው እንደ ጠፉ በታሪክ ይነገራል። ሌላ ቅጂ የነበራቸው መጻሕፍት ሊተኩ ይችላሉ፤ ሌላ ቅጂ የሌለው ሰነድ ግን ከተቃጠለ አይመለስም። ማኅበር መጽሐፉን ሲያጣ የሚያጣው ጸሎቱንና ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱ የሚመሰክርለትን ጭምር ነው።

በሀገር ቤትም በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1936 ዓ.ም. ወመዘክር እየተባለ የሚጠራው ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ ለሕዝብ ተከፈተ። አስቀድሞ አንድ የአብነት ተማሪ አንድ መጽሐፍ ለማየት መጽሐፉ ወዳለበት ደብር በእግሩ መሄድ፥ የራሱ ሊያደርገውም ቢሻ ተቀምጦ መገልበጥ ነበረበት። ለሕዝብ የተከፈተ ቤተ መጻሕፍት ይህን ድካም ያቀልለታል፤ መጽሐፍ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለውም ከባለጸጋው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ያነባል። ቈይቶም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከ9,000 በላይ የሆኑ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ዋናው በየደብሩ ሳለ ምስሉ በሩቅ ሀገር ላለ ተመራማሪ ደርሷል።

ስለዚህ የመጻሕፍት ጠባቂ ሁለት ሥራ አለበት፤ መዝጋትም፥ መክፈትም። ያለውን ቈጥሮ ዝርዝሩን ይጻፍ፤ የደከመውን ብራና ያስገልብጥ፤ በሥርዐት ለሚጠይቀው አንባቢ ያሳይ። ጳምፊሎስ ከእጁ ያወጣቸው መጻሕፍት ቤቱ ከጠፋ በኋላም ፍሬ አፍርተዋልና፥ በቁልፍ ብቻ የተጠበቀ መጽሐፍ አንድ እሳት እንደሚበቃው ጠባቂዎች ሁሉ ሊያስቡት ይገባል።