ረን (የእንግሊዝኛ ግስ)

ረን በእንግሊዝኛ ቋንቋ ብዙ ፍች ካላቸው ግሶች ቀዳሚው ነው። ተማሪ በመጀመሪያ «ሮጠ» ብሎ ያጠናዋል፤ ጋዜጣ ማንበብ ሲጀምር ግን ሯጭ በሌለበት ሁሉ ያገኘዋል።

ግሱ የጀርማናዊ ቋንቋዎች የጋራ ቅርስ ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ሪናን» ይባል ነበር። የዛሬው ጀርመንኛ ሁለት ዘመዳሞች ለይቶ ይዟል፤ «ሬነን» መሮጥ ሲሆን «ሪነን» መፍሰስ ነው። እንግሊዝኛ ግን መሮጥንም መፍሰስንም በአንድ ቃል ጠቀለላቸው። የግሱ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስላል፤ «ሮጠ»ን ብቻ ይዞ የተነሣ አንባቢ ሌሎቹን ፍችዎች አንድ በአንድ መሸምደድ ግድ ይሆንበታል፣ «ሳይቋረጥ ሄደ» የሚለውን የያዘ ግን አብዛኞቹን ራሱ ይደርስባቸዋል። ወንዝ፣ አፍንጫና እንባ «ረን» ሲያደርጉ ይፈሳሉ። ሲታጠብ «ረን» ያደረገ ልብስ ቀለሙን ለቋል። ሞተር ይሠራል፣ አውቶቡስ ይመላለሳል፣ ቲያትር ለወራት ይታያል፣ ውል እስከ ተወሰነ ቀን ይጸናል፤ በእንግሊዝኛ ሁሉም «ረን» ነው።

አማርኛ ድርጊቱ የራስ ይሁን የሌላ በግሱ ቅርጽ ይለያል፤ ውሃው ፈሰሰ፣ ልጅቷ ውሃውን አፈሰሰች። ረን ቅርጹን ሳይቀይር ሁለቱንም ይችላል። ተሳቢ ሲከተለው ማንቀሳቀስ፣ ከዚያም አልፎ ማስተዳደር ይሆናል። ሆቴል «ረን» የምታደርግ ሴት ሆቴሉን ትመራለች፤ ጽሑፍ «ረን» ያደረገ ጋዜጣ አትሞታል። በአሜሪካ ለምርጫ የሚወዳደር ሰው «ረን» ያደርጋል፤ በብሪታንያ ግን የተለመደው «ስታንድ» ማለትም «ይቆማል» ነው።

መስተዋድድ ሲጨመርበት ደግሞ ትርጉሙ ይለወጣል። «ረን አውት ኦፍ» አለቀበት፣ «ረን ኢንቱ» ድንገት ተገናኘ ወይም ተጋጨ፣ «ረን ኦቨር» በመኪና ገጨ፣ «ረን አዌይ» ኮበለለ ማለት ነው። «ስኳር አልቆብናል» ለማለት እንግሊዝኛ ተናጋሪው ባለጉዳዮቹን ባለቤት አድርጎ «ዊ ሃቭ ረን አውት ኦፍ ሹገር» ይላል። በአማርኛ ያለቀው ስኳሩ ነውና ባለቤቱም ስኳሩ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ልብ ሊለው የሚገባው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

እርባታው ረን፣ ራን፣ ረን ነው። ከ«ሃቭ» በኋላ የሚገባው ሦስተኛው ስለሆነ «ሃቭ ራን» ማለት ስሕተት ነው።

በ1989 እ.ኤ.አ. በታተመው የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት 2ኛ እትም ረጅሙን ማብራሪያ የያዘው፣ ማኖር የሚል መነሻ ትርጉም ያለው «ሴት» የተባለው ግስ ነበር። ለ3ኛው እትም ክለሳ ሲደረግ ረን ቀደመው። አዘጋጁ ፒተር ጊሊቨር በዚህ አንድ ግስ ላይ 9 ወር ያህል ሠርተው 645 ፍችዎችን ለይተዋል።

ቃሉ ስምም ይሆናል። በክሪኬትና በቤዝቦል ነጥብ ነው። በኢኮኖሚ ዜና ላይ የሚያጋጥመው «ባንክ ረን» ደግሞ ደንበኞች ባንኩ ሊወድቅ ነው ብለው ሰግተው ገንዘባቸውን ለማውጣት በአንድ ጊዜ ሲጎርፉ የሚፈጠረው ሁኔታ ነው፤ «የባንክ ሩጫ» ብሎ የተረጎመው ሰው ፍርሃቱን ከነምክንያቱ ያስቀርበታል።